ከሂንድ ተነሥቶ ሐበሻ የደረሰው ልዑል



የሕንድ ፊልም በቤትዎ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ እገምታለሁ። በአዲስ አበባም ሆነ በደብረ ማርቆስ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቋንቋውን ሳያውቅ ዘፈኑን በቃሉ የያዘለት፣ ተዋናዮቹ ሲያለቅሱ አብሮ ያለቀሰለት ፊልም ነው። ከእነዚህ መካከል በ1980 የወጣውን «ካርዝ»ን ወይም በ1995 የወጣውን «ካራን አርጁን»ን አይተው እንደሆነ፣ በግፍ የተገደለ ሰው ዳግመኛ ከሌላ እናት ማኅፀን ተወልዶ፣ አድጎ፣ የቀድሞ ሕይወቱን አስታውሶ ደሙን ሲመልስ ተመልክተዋል። ልጅዎም ከጎንዎ ተቀምጦ ሳይሆን አይቀርም። «እውነት ሰው ሞቶ እንደገና ይወለዳል?» ብሎ ቢጠይቅዎ ምን ይመልሱለታል? «ፊልም ነው፤ ዝም ብለህ እይ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ጥያቄው ግን ቀላል አይደለም። በምሥራቅ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት፣ ሬሳቸውን የሚሸኙት፣ ምጽዋታቸውን የሚሰጡት በዚህ እምነት ላይ ቆመው ነው።

ነገሩ ከሲኒማ ቤት ይልቅ ወደ ሀገራችን የቀረበ ነው ብል ይገርምዎት ይሆናል። ዳግም ልደትን ካስተማሩት ሁሉ ስሙ የገነነው ሰው፣ ማለትም ቡድሃ፣ የሕይወት ታሪኩ ስሙን ቀይሮ ወደ ሐበሻ ከገባ አራት መቶ ሰባ ዓመት አልፎታል። ያመጣው ሕንዳዊ አይደለም። የመጣውም በዐረብኛ በኩል ነው። በመንገዱም ላይ የእኛ የሙስሊሞች እጅ አለበት። (ሂጅራ ካላልኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በግዕዝ ከተጻፉት መጻሕፍት አንዱ «በረላም ወይዋስፍ» ይባላል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ1553፣ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሰው አባ ዕንባቆም ነው። ዕንባቆም የየመን ሰው ነበር፤ የተወለደውም ከሙስሊም ወገን ነው። ወደዚህ ሀገር ከመጣ በኋላ ክርስትናን ተቀብሎ መነኮሰ፤ ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ በሸዋ ለሚገኘው ለደብረ ሊባኖስ ገዳም እጨጌ እስከ መሆን ደረሰ። ለኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም «አንቀጸ አሚን» የተባለውን የክርክር መጽሐፍ የጻፈው እሱ ነው። ቁርአንን እየጠቀሰ ይከራከራል፤ መደምደሚያው የእኛ አይደለም፤ መልሱም የሌላ ጽሑፍ ሥራ ነው። ከሙስሊም ቤት ወጥተው በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ትልቅ ቦታ የያዙ ሰዎች እሱ ብቻም አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም መርጡለ ማርያምን ያሠራችው ንግሥት እሌኒ የሐድያ ሙስሊም ገዢ ልጅ ነበረች። የደጋው ሰው ስሟን እየጠራ አባቷ ማን እንደነበር ሲዘነጋ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ወደ መጽሐፉ እንመለስ። ታሪኩ እንዲህ ነው። በሂንድ ሀገር አንድ ኃይለኛ ንጉሥ ነበር፤ መነኮሳትን ያሳድዳል፣ ያቃጥላል። ልጅ ሳይወልድ ብዙ ቆይቶ ወንድ ልጅ ተወለደለት። ኮከብ ቆጣሪዎች ተጠርተው የልጁን ዕድል ሲናገሩ፣ አንዱ ጠቢብ «የዚህ ልጅ ክብር በዚህ መንግሥት አይደለም፤ አንተ የምትጠላውን መንገድ ይከተላል» አለ። ንጉሡ ደነገጠ። ለልጁ ለብቻው ቤተ መንግሥት ሠራለት፤ ሽማግሌ፣ ድውይና ሞት የሚባል ነገር እንዳያይ፣ ከቆንጆና ከወጣት በቀር ማንም እንዳይገባበት ከለከለ። ልጁ አደገ፤ ታሰልችቶ ለመውጣት ለመነ፤ ወጣም። በመንገድ ላይ ሥጋው የቆሰለ ሰውና ዓይነ ስውር አየ። ሌላ ቀን ደግሞ ጥርሱ የረገፈ፣ ወገቡ የጎበጠ ሽማግሌ አየ። «ይህ በሁሉ ሰው ላይ ይደርሳል?» ብሎ ጠየቀ። «አዎ» አሉት። «መጨረሻውስ?» አለ። «ሞት ነው» አሉት። ከዚያ ቀን በኋላ ምግብ አልጣመውም።

ይህን ጊዜ በረላም የሚባል ባሕታዊ የነጋዴ ልብስ ለብሶ፣ «ዕውርን የሚያበራ፣ ድውይን የሚፈውስ ዕንቁ ይዣለሁ፤ ከልዑሉ በቀር ለማንም አላሳይም» እያለ ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ደረሰ። ዕንቁው ቃሉ ነበር። በምሳሌ እየነገረው ልቡን ወሰደው።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ታሪክ የቡድሃን ታሪክ ከሚያውቅ ሰው ፊት ቢያነቡት ገና ሳይጨርሱ «ይህማ ሲዳርታ ነው!» ይልዎታል። ሲዳርታ ጎታማ ከነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ.) በፊት በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ዛሬ ኔፓል በምትባለው ሀገር ድንበር፣ ካፒላቫስቱ በምትባል ከተማ ያደገ የገዢ ልጅ ነው። ተከታዮቹ እንደሚተርኩት አባቱ በድሎት አጥሮ አሳድጎት፣ ከግቢው ሲወጣ ሽማግሌ፣ ሕመምተኛ፣ ሬሳና ከዓለም የተለየ መናኝ አየ፤ ከዚያም ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ በሌሊት ጠፋ።

ስሙስ እንዴት «ይዋስፍ» ሆነ? እዚህ ላይ ዐረብኛ የቀራ ሰው የሚደሰትበት ነገር አለ። ቡድሃ ወደ መጨረሻው ብርሃን ከመድረሱ በፊት በሂንድ ቋንቋ «ቦዲሳትቫ» ይባላል። ይህ ስም በፋርሶች አፍ አልፎ ወደ ዐረብኛ ሲገባ «ቡዛሰፍ» ተባለ። በዐረብኛ ጽሕፈት በቃል መጀመሪያ ላይ «ባ» እና «ያ» ቅርጻቸው አንድ ነው፤ ልዩነታቸው ከሥር የምትቀመጠው ነጥብ አንዲት ወይም ሁለት መሆኗ ነው። አንድ ጸሐፊ አንዲት ነጥብ ጨመረና «ቡዛሰፍ» «ዩዛሰፍ» ሆነ። ከዚያ ወዲያ ጆርጂያዎች «ዮዳሳፍ»፣ ግሪኮች «ዮአሳፍ»፣ ላቲኖች «ዮሳፋት»፣ በመጨረሻም የእኛው ግዕዝ «ይዋስፍ» አሉት። መምህሩም በዐረብኛ «ቢለውሀር» የነበረው «በረላም» ሆነ። በዚህ ስም የሮማ ቤተ ክርስቲያን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ሁለቱን በቅዱሳን መዝገቧ አስገብታ ለኅዳር ወር አንድ ቀን መደበችላቸው። በሌላ አነጋገር፣ ማንነቱን ሳታውቅ ለቡድሃ በዓል ሠራችለት። በ1612 ዲዮጎ ዶ ኩቶ የተባለ በጎዋ የኖረ የፖርቱጋል ታሪክ ጸሐፊ የሁለቱን ታሪክ መመሳሰል ጽፎ አስተውሏል። በዚያው ዘመን ከጎዋ እየተነሡ በባሕር የሚመጡ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በጎጃም ቆለላ በሚባል ስፍራ ሰፍረው ነበር።

የዐረብኛው መጽሐፍ «ኪታብ ቢለውሀር ወቡዛሰፍ» ነው። የባግዳዱ መጽሐፍ ሻጭ ኢብኑ ነዲም በ377 ዓመተ ሂጅራ ባዘጋጀው «ፊህሪስት» ውስጥ ይጠቅሰዋል። ገጣሚው አባን አል-ላሂቂ በግጥም አዙሮታል። የሺዓው ሊቅ ኢብኑ ባበወይህ፣ በ991 የሞተው፣ ሰፊ ክፍሉን በራሱ ኪታብ ውስጥ አስገብቶታል። ጆርጂያዎች ከዐረብኛው ወሰዱ፤ ግሪኮች ከጆርጂያ፤ የዐረብ ክርስቲያኖች እንደገና ከግሪኩ ወደ ዐረብኛ መለሱት፤ ዕንባቆም ያገኘው ይህን ሁለተኛውን ዐረብኛ ነው። ስለዚህ የግዕዙ አንባቢ ይወቀውም አይወቀውም፣ መጽሐፉ ሁለት ጊዜ በዐረብኛ ቋንቋ ታጥቦ ነው የደረሰው።

ታሪኩ በባግዳድ መስማት ማግኘቱ አይግረምዎ። የሃሩን አር-ረሺድ ወዚሮች የነበሩት በራሚካዎች አባቶቻቸው በበልኽ ከተማ ኑበሃር የሚባለውን የቡድሂስቶች ትልቅ ገዳም የሚያስተዳድሩ ነበሩ፤ «በርመክ» ራሱ የሹመት ስም ነበር። ከእነሱ አንዱ የሕያ ኢብኑ ኻሊድ ወደ ሂንድ ሰው ልኮ መድኃኒት እንዲያመጣና የሕዝቡን ሃይማኖት እንዲመዘግብ አዟል። ያ ትውልድ የሌላውን እምነት ሳይሰማ አይፈርድም ነበር። አል-ቢሩኒ በ1030 አካባቢ ስለ ሂንድ ያዘጋጀው ትልቅ ኪታብ ለዚህ አብነት ነው። የሀገሩን ቋንቋ ሳንስክሪትን ተምሮ፣ ተናሱኽ፣ ማለትም ነፍስ ከአካል ወደ አካል ትዘዋወራለች የሚለው እምነት፣ የሂንዶች ሃይማኖት መለያ ምልክት መሆኑን አስረዳ። ስለ ቡድሂስቶች ግን የሚያጫውተው ሰው እንዳላገኘ በግልጽ ተናገረ። አሽ-ሸህረስታኒም በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ሃይማኖቶች በጻፈው መጽሐፉ ቡድሃን ኸድር (ዐ.ሰ.) ጋር እስከ ማመሳሰል ደርሷል። የዘመናችን አንዳንድ ጸሐፊዎች ደግሞ በቁርአን የተጠቀሱት ነቢዩ ዙልኪፍል «የካፒላ ሰው» ማለት ነው፣ ስለዚህ ቡድሃ ናቸው ይላሉ። ይህ ከድምፅ መመሳሰል ያለፈ ማስረጃ የለውም፤ ቀደምት ሙፈሲሮችም አላሉትም፤ እኔም አልቀበለውም።

እንግዲህ እኛም ሳንሰማ አንፍረድ። ቡድሂስቶች ስለ መልካም ዳግም ልደት ምን ይላሉ?

እንደ እነሱ አባባል፣ ሕያው ፍጡር ሁሉ መጀመሪያው በማይታወቅ የመወለድና የመሞት አዙሪት ውስጥ ይሽከረከራል። የሚወለድበት ስፍራ አምስት ወይም ስድስት ዓይነት ነው፤ ከታች የሥቃይ ስፍራ፣ ከዚያ ሆዳቸው የማይጠግብ የተራቡ መናፍስት፣ ከዚያ እንስሳት፣ ከዚያ ሰው፣ ከላይ ደግሞ ሰማያውያን። የትኛው ይደርሰዋል የሚለውን የሚወስነው ካርማ ነው፤ ካርማ ማለት በፈቃድ የተሠራ ሥራ ማለት ነው። ሳያውቅ ጉንዳን የረገጠና ዐውቆ የገደለ እኩል አይደሉም። ሥራ በኒያ እንደሚመዘን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ክፍል እንግዳ አይሆንብንም።

ሰው ሆኖ መወለድ እጅግ ብርቅ ነው ይላሉ። ምሳሌያቸው ይህ ነው፦ በሰፊ ባሕር ላይ አንድ ቀዳዳ ያለው ቀንበር ይንሳፈፋል፤ ነፋስ ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል። ከባሕሩ ሥር አንድ ዕውር ኤሊ አለ፤ በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ራሱን ብቅ ያደርጋል። ብቅ ሲል አንገቱ ከዚያ ቀዳዳ የመግባቱን ያህል ነው ሰው ሆኖ የመወለድ ዕድል። ስለዚህ ሰማያውያን በድሎታቸው ይዘነጋሉ፣ እንስሳት አያስተውሉም፤ ሰው ብቻ መከራንም ደስታንም በልክ ስለሚቀምስ ወደ መዳን መንገድ ለመግባት ይመቸዋል ባዮች ናቸው።

መልካም ልደት የሚገኘው በምንድን ነው? ለተራው ሰው ዋናው መስጠት ነው፤ በማለዳ ቆሪ ይዞ በዝምታ ለሚያልፈው መነኩሴ ሩዝ ማውጣት፣ ለሞቱ ዘመዶች ብሎ መመጽወት። ቀጥሎ አምስት ነገሮችን መተው ነው፤ መግደል፣ መስረቅ፣ ዝሙት፣ ውሸት፣ አስካሪ መጠጥ። ከወሩ በተለዩ ቀኖች ደግሞ ከቀትር በኋላ ምግብ መተውንና ሌሎችንም ይጨምራሉ። ከዚህ በላይ ያለው የመነኩሴው መንገድ ነው፤ በስሪ ላንካና በታይላንድ በሚከተሉት ሥርዓት ሁለት መቶ ሃያ ሰባት ደንብ አለው፤ ተቀምጦ ትንፋሽን ማስተዋል፣ ልብን ከምኞት ማራቅ ዋና ሥራው ነው። ለልጆች ደግሞ ቡድሃ በቀደሙት ልደቶቹ ምን እንደሠራ የሚናገሩ አምስት መቶ አርባ ሰባት ተረቶች አሏቸው። በአንዱ ጥንቸል ነበር፤ የተራበ እንግዳ ሲመጣበት የሚሰጠው ቢያጣ ራሱን በእሳት ላይ ወርውሮ ሥጋውን አቀረበለት ይላል።

ልብ ይበሉ፤ መልካም ልደት ለእነሱ የመጨረሻ ግብ አይደለም። በሰማይ ቢወለዱም ጊዜው ሲያልቅ ይወርዳሉ። ግቡ ከአዙሪቱ ጨርሶ መውጣት፣ ኒርቫና የሚሉት ነው። ደግሞም ፊልሙ እንደሚያሳየው አንድ የጸና ሩሕ ልብስ እንደሚለውጥ አካል እየለወጠ ይሄዳል አይሉም፤ ያ የሂንዱዎች አነጋገር ነው። ቡድሂስቶች የጸና ነፍስ የለም ባዮች ናቸው። ሚሊንዳ የተባለ የግሪክ ዘር ንጉሥ «ታዲያ ምን ይሻገራል?» ብሎ ናጋሴና የተባለውን መነኩሴ በጠየቀው ጊዜ፣ ከአንድ ኩራዝ ሌላ ኩራዝ ሲለኮስ እሳቱ ተሻገረ ይባላልን? ብሎ መለሰለት ይላሉ። ረቂቅ መልስ ነው። ግን ጥያቄ ያስነሣል፤ ያጠፋው አንዱ ኩራዝ ከሆነ፣ ስለ ምን ሌላው ይቀጣል?

ሰዎች ይህን እምነት የሚወዱበት ምክንያት አለ። በዓለም ያለውን ግፍ ይፈታላቸዋል። አንዱ ዕውር ሆኖ፣ አንዱ በድሎት፣ አንዱ በረኀብ ቤት ለምን ተወለደ? «ቀድሞ በሠራው ነው» ይሉና ያርፋሉ። አሁን ይህን መልስ ወደ ጎጃም ደጋ ያምጡት። እስከ 1975ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ሙስሊሙ በብዙ ቦታ ርስት አልነበረውም፤ በሽመናና በንግድ ያድር ነበር። ሸማኔ፣ ፋቂ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ የሆነ ሁሉ «ቡዳ» እየተባለ ይታማ፣ ልጁ ለጋብቻ ይናቅ ነበር። ነጠላውን ግን ለብሰውታል፤ ማረሻውን አርሰውበታል። ለዚያ ሸማኔ ልጅ «በዚህ ቤት የተወለድከው ባለፈው ሕይወትህ በሠራኸው ኃጢአት ነው» የሚለው ሰው ቢመጣ ምን ይፈጠር ነበር? ናቂው ይጸድቃል፤ የተናቀው ይበደላል። ቡድሃ ራሱ ሰውን በትውልዱ ሳይሆን በሥራው መዝኑት ማለቱ፣ ዝቅተኛ የሚባሉትንም በማኅበሩ መቀበሉ ይነገርለታል፤ ይህን ልንነሣው አይገባም። ሆኖም በዝቅተኛ ቤት መወለድን የቀድሞ ሥራ ፍሬ ማድረጉን ትምህርቱ አልተወም። በእኛ ዘንድ መወለድ ፍርድ አይደለም፤ ፈተና ነው። ሀብታሙም በሀብቱ፣ ድሃውም በድህነቱ ይፈተናል፤ ፍርዱ ገና ነው። ቢላል (ረ.ዐ.) ከካዕባ ጣራ ላይ አዛን ሲያሰሙ የባርነት ልደታቸው ዕዳ አልሆነባቸውም።

ሁለተኛው ልዩነት ከዚህ ይልቃል። ካርማ ዳኛ የለውም። ዘር ተዘርቶ እንደሚበቅል በራሱ የሚሠራ ሕግ ነው። ዳኛ ከሌለ ደግሞ «ማረኝ» የሚባል የለም። ስለዚህ ጊዜው ማለቂያ የለውም፤ አንድ ሕይወት ካልበቃ ሌላ፣ ሌላ ካልበቃ ሺሕ አለ። ምሕረት ግን የለም። የእኛ ነገር የተገላቢጦሽ ነው፤ ዕድሜው አንድና አጭር ነው፤ የተውበት በር ግን ነፍስ ጉሮሮ እስክትደርስ ክፍት ነው። ሱረቱል ሙእሚኑን ዘጠና ዘጠነኛውንና መቶኛውን አንቀጽ ከፍተው ያንብቡ። ሞት የመጣበት ሰው የተወውን መልካም ሥራ ለመሥራት መመለስን ይለምናል፤ አይፈቀድለትም፤ እስከሚቀሰቀሱበት ቀን ድረስ ከኋላቸው በርዘኽ እንዳለ ይነገራል። የፊልሙ ተዋናይ የተፈቀደለት ያ መመለስ ነው እዚያ የተከለከለው። በሙስሊሞችም መካከል ተናሱኽን ሊያስገቡ የሞከሩ አልጠፉም፤ ከሙዕተዚላ ወገን የወጣ አሕመድ ኢብኑ ኻቢጥ የሚባል ሰው አንዱ ነው። ኢብኑ ሐዝምና ሌሎች ዑለማዎች መልስ ሰጥተዋቸዋል፤ ጉዳዩ በዚያው ተዘግቷል።

አሁን ወደ ታሪኩ ስንመለስ አንድ አስደናቂ ነገር እናያለን። ከሂንድ ሲነሣ የቡድሃ ታሪክ አጥንቱ ዳግም ልደት ነበር። ባግዳድ ሲደርስ ያ ቀረ። ጆርጂያ፣ ግሪክና ሐበሻ ሲደርስም አልተመለሰም። ማንም ስብሰባ አድርጎ አልሰረዘውም፤ አንድ አምላክና አንድ ሒሳብ የሚያውቅ ተራኪ ሁሉ ሳይጠቅሰው አለፈ። የቀረው ሞት ነው፤ ሽማግሌው፣ ድውዩ፣ የልዑሉ መደንገጥ።

በረላም ከነገረው ምሳሌ አንዱን ላጫውትዎ፤ በዐረብኛውም አለ። አንዲት ከተማ ነበረች፤ ሕዝቧ በየዓመቱ የሀገሩን ልማድ የማያውቅ እንግዳ ፈልጎ ያነግሥ ነበር። ያ ሰው ዓመቱን ሙሉ የፈለገውን ይበላል፣ ያዛል፤ «ለዘላለም ነው» ብሎ ያስባል። ዓመቱ ሲሞላ ግን ልብሱን ገፈው፣ ራቁቱን በከተማው አዙረው፣ ምንም ወደሌለበት ደሴት ይጥሉታል። በዚያ በረኀብና በብርድ ያልቃል። አንድ ዓመት ግን ብልህ ሰው ነገሠ። ከአንድ ታማኝ አማካሪ የቀደሙት ነገሥታት የት እንደሄዱ ጠይቆ ዐወቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝገብ ቤቱን ከፍቶ ወርቁን፣ ብሩን፣ ዕንቁውን በታመኑ ሰዎች እጅ ወደ ደሴቲቱ አስቀድሞ ላከ። ቀኑ ሲደርስ እንደ ሌሎቹ ተገፈፈ፤ እንደ ሌሎቹ ተጣለ። የጠበቀው ግን ያ የላከው ነው።

ይህን ተረት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባሶ ገበያ ለነበረ ሙስሊም ነጋዴ ቢነግሩት ትርጉም አይጠይቅዎትም ነበር። ባሶ ከደብረ ማርቆስ (ያኔ መንቆረር) በስተደቡብ፣ ወደ ዓባይ አፋፍ በሚወስደው በኩል የነበረች የጎጃም ትልቋ ገበያ ናት። ከእናርያና ከጉድሩ የሚመጣው ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና በዚያ ይታረፋል፤ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይጫናል። ባሪያም ይነዳበት ነበር፤ ይህን የአባቶቻችንን ዕዳ መሸፈን አይገባም። ዓባይ በክረምት ሲሞላ አይሻገሩትም። ዕቃውን በበጋ ያላሻገረ ሰው ወንዙ ከሞላ በኋላ ቢጮህ፣ ቢለምን፣ እጥፍ ቢከፍል ምንም አያገኝም። ቀድሞ የላከ ብቻ ማዶ ንብረት አለው። በነጋዴ ልብስ የመጣው መምህር ለነጋዴ በሚገባ ቋንቋ ነው የተናገረው።

አንድ ነገር ግን ልንለይ ይገባል። የግዕዙ መጽሐፍ መጨረሻው ምናኔ ነው፤ ልዑሉ ዙፋኑን ትቶ በረሃ ይወርዳል። በጎጃም ይህ የታወቀ ሕይወት ነው። ከደብረ ወርቅ እስከ ዲማ፣ ከመርጡለ ማርያም እስከ ደብረ ኤልያስ፣ ጥሬ ቆርጥሞ የሚያድር፣ ከሰው የተለየ ባሕታዊ በደጋው ሰው ዘንድ ክብር አለው፤ የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ ደጅ ሲቆም የሙስሊሙም ቤት ቁራሽ ነፍጎት አያውቅም። ክብሩን እንሰጣለን። ቁርአን ግን በሱረቱል ሐዲድ ምንኩስናን ሰዎች የአላህን ውዴታ ፈልገው ያመጡት እንጂ እሱ ያልደነገገባቸው መሆኑን ይነግረናል። ከሰሃቦች ሦስቱ አንዱ ዘወትር ሊጾም፣ አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ሊሰግድ፣ አንዱ ጨርሶ ላያገባ ሲዝቱ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) እሳቸው እንደሚጾሙም እንደሚያፈጥሩም፣ እንደሚሰግዱም እንደሚተኙም፣ እንደሚያገቡም ነግረው መልሰዋቸዋል። ኢብራሂም ኢብኑ አድሀም የበልኽን ድሎት ጥለው መውጣታቸው በዙህድ ኪታቦች ይተረካል፤ ከኤውሮፓ ሊቃውንት አንዳንዶቹ «ይህ የቡድሃ ታሪክ ነው» ይላሉ። በልኽ የኑበሃር ከተማ መሆኗ ነገሩን ያስጠረጥራል፤ ግን መመሳሰል መቅዳት አይደለም። እኚህ ሰው ዓለምን ትተው በላባቸው እየሠሩ ይበሉ ነበር እንጂ ቆሪ ይዘው ደጅ አልዞሩም። የቡድሃው መነኩሴ መሬት ማረስ፣ ገንዘብ መያዝ አይፈቀድለትም፤ የእሱ መዳን በሌሎች ድካም ላይ ይቆማል። ወደ ወሎ፣ ወደ ጀማ ንጉሥና ወደ ዳና ለቂርአት የወጡ የጎጃም ደረሳዎች ግን ከተመለሱ በኋላ ጠዋት መወርወሪያ፣ ማታ ኪታብ ይይዙ ነበር።

ያቺ አንዲት ነጥብ ያመጣችውን መዘዝ ሳልነግርዎ ጽሑፉን አልዘጋም። ኢብኑ ባበወይህ ባቆዩት ትረካ ልዑሉ ሀገር ለሀገር ሲያስተምር ቆይቶ በ«ቀሽሚር» ይሞታል ይላል። ተመራማሪዎች እንደሚሉት ይህ ቡድሃ የሞተባት የኩሺናራ ስም የተበላሸበት ነው። ዛሬም በካሽሚር፣ በስሪናገር ከተማ ኻንያር በሚባለው ሠፈር «የዩዝ አሰፍ መቃብር» የሚባል አለ፤ የሀገሩ ሙስሊሞች የአንድ ደግ ሰው መቃብር ነው ይላሉ። በ1899 ግን የቃዲያኑ ሚርዛ ጉላም አሕመድ ተነሥቶ፣ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ከስቅለት ተርፈው ወደ ካሽሚር መጡ፣ በዚያም አርጅተው ሞቱ፣ ዩዝ አሰፍም እሳቸው ናቸው ብሎ ጻፈ። ራሱን የሚጠበቀው መሲሕ አድርጎ ለማቅረብ ይህ መቃብር ያስፈልገው ነበር፤ ዒሳ ካልሞቱ ቦታው አልተለቀቀለትም። ይህን የሚያስተምሩ መጻሕፍት ዛሬም በብዙ ቋንቋ ይታተማሉ። ቢለውሀርና ቡዛሰፍ በዐረብኛ በቦምቤይ የታተመው ሚርዛው ያንን ከመጻፉ አሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው፤ በ1972 ደግሞ ዳንኤል ዢማሬ የተባለ ፈረንሳዊ ምሁር ቅጂዎቹን አስተያይቶ በቤይሩት አሳተመው። የግዕዙን የአንግሊዙ ዋሊስ በጅ በ1923 ከነትርጉሙ አውጥቶታል። የፈለገ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ፣ «ባ»ው የት ላይ «ያ» እንደሆነ በጣቱ እየቆጠረ ማየት ይችላል።